ጉልበት ልብን ይመልሳልን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከቴሌቪዥን ፊት የተነሣ ጥያቄ ነው። ከእናንተ መካከል «የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት ስለ ፊልም ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ወጣት ፊልም ማየቱ ካልቀረ ዘንድ፣ መርምሮ ማየት ይሻለዋል። ሳይመረምር የሚያይን ሰው ፊልሙ ሳያውቀው ያስተምረዋል፤ መርምሮ የሚያይ ግን ከፊልሙ ጋር ይከራከራል፤ ደግ ደጉን ይወስዳል፤ ያልተስማማውን ይተዋል። እኛም ዛሬ የምንወደውን ድራማ ይዘን ቀርበናል። የምንወድበትን ምክንያት እንነግራችኋለን፤ ድራማው ሳይመልስልን የቀረውንም ጥያቄ ከእናንተ ጋር እንመለከታለን።

ከሰው በላይ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች የሚተርኩ ተከታታይ ድራማዎች በተማሪዎች መኖሪያም ሆነ በየቤቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፉ እናያለን። አንዱ ጀግና ይበርራል፤ ሌላው እንደ መብረቅ ይሮጣል፤ ሌላውን ጥይት አይበሳውም። የእነዚህ ሁሉ ታላቅ ወንድም የሚባለው ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ አገር በሥዕላዊ መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን፣ የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ሁለቱም የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው፤ ዘመኑም ሥራ የጠፋበትና ዓለም ወደ ጦርነት የተቃረበበት ዘመን ነበር። የተራበ ሰው የእንጀራ ሕልም እንደሚያይ ሁሉ፣ ጉልበት ያጣ ሰውም የጉልበት ሕልም ማየቱ አያስደንቅም።

ይህ ሕልም ወደ አገራችንም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለ የጀግና ታሪክ በሥዕላዊ መጽሐፍ መልክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል። ባለታሪኩ በአዲስ አበባ የሚኖር፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ዲግሪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት መቆም ምን እንደሆነ የምታውቁ ሁሉ፣ ደራሲው ባለታሪኩን ከየት እንዳመጣው ይገባችኋል። ከዚህም ይልቅ ልባችንን የያዘው ግን «ጥበብ ገርልስ» የተባለው ተከታታይ የካርቱን ድራማ ነው፤ ይኸውም የጥበብ ልጃገረዶች ማለት ነው።

ድራማውን ያዘጋጀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ቀድሞ የሕፃናት መምህርት ነበሩ። ብዙዎቻችን ገና ፊደል ሳንለይ በቴሌቪዥን ያየናት «ፀሐይ» የተባለችው ቀጭኔ የእርሳቸው ሥራ ናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እኛ ከፀሐይ ጋር ሀ ሁ ብለን አደግን፤ ድራማውም ከእኛ ጋር ያደገ ይመስላል። ቀጭኔዋ እጅን ስለ መታጠብ ታስተምረን ነበር፤ የጥበብ ልጃገረዶች ደግሞ ከሰው በላይ በሆነ ኃይላቸው ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ፤ ያለዕድሜ ጋብቻንና በወር አበባ ላይ የተጫነውን ነውር ፊት ለፊት ያነሣሉ።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ጥበብ በቋንቋችን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማስተዋል ነው፤ ሁለተኛው ሸማኔ በሐበሻ ቀሚስ ላይ የሚሠራው ባለ ቀለም ጌጥ ነው። ይህን ጌጥ የሚሠራ ሸማኔ ክሩን በጉልበት አይጎትተውም፤ ቢጎትተው ይበጠስበታል። ክር በክር እየቆጠረ፣ የተሳሳተውን እየፈታ፣ ቀን በቀን ይሠራዋል። ይህችን ምሳሌ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ድራማውን የምንወድበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጀግኖቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ መልካቸውም ስማቸውም የእኛ ነው። በደጋ መንደር ያለች ልጃገረድ ጀግና ለመሆን ጸጉሯንም ቋንቋዋንም መለወጥ እንደማያስፈልጋት ታያለች። ሁለተኛ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ማንም የማይናገረውን ነገር ይናገራል። ብዙ ልጃገረዶች በየወሩ ጥቂት ቀን ከክፍል ይቀራሉ፤ ምክንያቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ሆኖም መምህሩም ዝም፣ ወላጁም ዝም፣ የክፍል ጓደኛውም ዝም ነው። ድራማው ይህን ዝምታ ሰበረ። ሦስተኛ፣ የሚታገሉት ከሌላ ዓለም ከወረደ ጭራቅ ጋር አይደለም። ከልማድ ጋር ነው። ልማድ ደግሞ መኖሪያው ሩቅ አይደለም፤ በምድጃችን ዙሪያ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ካርቱን የልጆች ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ጊዜውን ማጥፋት አይገባውም» ይሉናል። እኛ ግን እንዲህ እንመልሳለን፤ ተረትም ለልጆች የሚነገር ነው፤ ነገር ግን አያቶቻችን በተረት ውስጥ ያስቀመጡትን ቁም ነገር ሽማግሌም ሆኖ ያልጨረሰው ብዙ ነው። የሚመዘነው ለማን እንደ ተነገረ ሳይሆን ምን እንደ ተነገረ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንግባ። የጀግና ፊልም ሁሉ አንድ ሥርዓት አለው፤ ክፉ ይነሣል፣ ደካማ ይጨነቃል፣ ኃይል ያለው ይደርሳል፣ ክፉው ይወድቃል፣ ፊልሙ ያልቃል። ይህ ሥርዓት እንዲሠራ ክፉው ክፉ መሆን አለበት፤ ፊቱ እንደ ክፉ፣ ሳቁም እንደ ክፉ። በእኛ አገር ግን ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ወንዛዬ ፍል ውሃ ባሉት ቀበሌዎች፣ የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ስትዳር የሚድራት ማን ነው? አባቷ ነው። እርሱም የሚጠላት አይደለም፤ የሚወዳት ነው። በሕፃንነቷ ታምማ በጀርባው ተሸክሟት ጤና ጣቢያ ድረስ የሄደ አባት ነው። ታዲያ ከሰው በላይ ኃይል ያላት ጀግና ደርሳ ይህን አባት ምን ታድርገው? ትምታውን? ልጅቷስ በማግሥቱ ከማን ቤት ትደር?

ነገሩ የጥቂት ቤት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከነበረው የአማራ ክልል ሴቶች መካከል ግማሾቹ 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አስቀድመው አግብተው ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ይኸው ቁጥር 17 ዓመት ገደማ ነው። ይህ ማለት ከእናቶቻችን፣ ከአክስቶቻችንና ከታላላቅ እኅቶቻችን ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ሚስት ሆነዋል ማለት ነው። የዳሯቸውም አባቶች በጠቅላላ ክፉዎች ነበሩ ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

አባት የሚያቀርበውን ምክንያት በጥሞና እንስማ። «ቆማ ቀረች እንዳትባልብኝ» ይላል። «ሳልሞት ወግ ማዕረጓን ልይ» ይላል። «የሰው ድግስ ስበላ ኖሬያለሁ፤ እኔም በተራዬ ደግሼ ብድሬን ልመልስ» ይላል። «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ቢያገኛትስ?» ይላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ነው። ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ብሎ «የእገሌ ልጅ ተመርቃ ይኸው ቤት ተቀምጣ የለምን? ትምህርት ምን አመጣላት?» ይላል። ይህን ጥያቄ በክንድ መመለስ አይቻልም፤ በካርቱን ኃይልም አይመለስም። የጀምበር ባለታሪክ ሥራ ሲፈልግ ኃይል አገኘ፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን ሥራ ስትፈልግ ያገኘችው የአባቷን ትካዜ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከውጭ ድራማዎች መካከል የሚጠቅመን አንድ አለ። «ስሞልቪል» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በ10 ምዕራፎችና በ217 ክፍሎች የታየ ሲሆን፣ የሱፐርማንን ወጣትነት የሚተርክ ነው። ባለታሪኩ ክላርክ በካንሳስ ገጠር በገበሬዎች ቤት ያደገ ጉዲፈቻ ልጅ ነው። የሚገርመን ነገር ይህ ነው፤ ልጁ ትራክተር በእጁ ያነሣል፤ አባቱ ግን ተራ ገበሬ ነው፤ ሆኖም በዚያ ቤት የሚታዘዘው ልጁ ነው። አባት ልጁን የሚገዛው በጉልበት አይደለም፤ በጉልበትማ ቢሆን ልጁ በአንድ ጣቱ በጣለው ነበር። የሚገዛው በቃልና በኑሮ ነው። በአምስተኛውም ምዕራፍ ውስጥ አባቱ በልብ ሕመም ይሞታል፤ ብረት የሚያጣምመው ልጅ የአባቱን ልብ እንዳትቆም ማድረግ አልቻለም። ለአሥር ዓመት ያህል ከታየው ድራማ እኛ የወሰድነው ትምህርት ይህ ነው፤ የሰው ልብ በጉልበት የሚነካ ነገር አይደለም።

ከካንሳስ ገጠር ወደ አገራችን እንመለስ። የጉልበት ነገር ሲነሣ በደብረ ታቦር የሚኖር ሰው ጋፋትን ሳያነሣ አያልፍም። አፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው በጋፋት የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ ገደሉን እያስናዱ፣ መንገዱን እያወጡ፣ ራሳቸውም ከወታደሮቻቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ ይህን መድፍ ለብዙ ወራት አስጎተቱት። በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ፤ በሚያዝያም በዚያው ሕይወታቸው በገዛ እጃቸው አለፈ። ይህን ታሪክ በልጅነታችን ስንሰማ ጉልበታቸው ያስደንቀን ነበር፤ ዛሬም ያስደንቀናል። አገራቸውን መውደዳቸውንም የሚጠራጠር የለም።

ነገር ግን ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ለጉዞ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ነው የሄዱት። የሚወዱት ሕዝብ አልከተላቸው ሲል ቅጣቱን አበዙበት፤ ቅጣቱ በበዛ መጠን ሕዝቡ ራቃቸው፤ ሕዝቡ በራቀ መጠን ደግሞ ቅጣቱ በረታ። ሴባስቶፖል ያን ሁሉ ገደል ወጥቷል፤ የሕዝቡን ልብ ግን ወደ ንጉሡ ሊመልስ አልቻለም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ተቀምጦ ይታያል። ለእኛ ከየትኛውም ፊልም ይልቅ ስለ ኃይል የሚያስተምረን ይህ ዝም ያለ ብረት ነው። ጠላት የሚጥል ክንድ ወገንን አያሳምንም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሕግ ለምን አለ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። ሕግም ኃይል ነው፤ እኛም አንንቀውም። ሠርጉ ነገ ሆኖ ልጅቷ ዛሬ «አድኑኝ» ብላ ለመምህሯ ብትነግር፣ ያን ጊዜ ስለ አባት ልብ የምንራቀቅበት ሰዓት አይደለም፤ ፖሊስም ፍርድ ቤትም ሊደርስላት ይገባል። የጥበብ ልጃገረዶች ፈጥነው መድረሳቸው ስለዚህ ደስ ያሰኘናል።

ነገር ግን ሁለት ነገር እንለይ። ጉልበት እጅን ይይዛል፤ ልብን ግን አይመልስም። የተያዘ እጅ የዛሬዋን ሌሊት ያሳልፋል፤ ያልተመለሰ ልብ ግን ነገም በዚያው ቤት አለ። ሠርጉ የታገደበት አባት ዕድሜዋን ጨምሮ ሊያስመዘግብ፣ ወይም ሩቅ ወዳለ ዘመድ ወስዶ ሊድራት ይችላል። ልጅቷም በገዛ ቤቷ እንደ ከሳሽ ልትታይ ትችላለች። ፊልሙ የሚያልቀው ክፉው በወደቀበት ቦታ ነው፤ የልጅቷ ኑሮ የሚጀምረው ግን ፊልሙ ባለቀበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል «የቅዱሳን ተአምርስ? እነርሱም ከሰው በላይ ኃይል ነበራቸው» የሚል ወጣት ይኖር ይሆናል። ልዩነቱን ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃናል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል እንደሚነግረን፣ ጻድቁ ክንፍ የተሰጣቸው ለብዙ ዓመታት በተጋድሎ ከኖሩ በኋላ ነው። በፊልሙ ጀግናው መጀመሪያ ክንፍ ያገኛል፤ መብረቅ መትቶት ወይም ሸረሪት ነድፋው በድንገት ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ይጀምራል። በገድሉ ግን ሥራው ቀደመ፤ ክንፉ ተከተለ። ገድል ማለትም ራሱ ተጋድሎ ማለት ነው፤ ኃይል ማለት አይደለም። እንግዲህ «እኔ ምን ኃይል አለኝ?» ብሎ የሚቀመጥ ወጣት የተማረው ከፊልሙ ነው፤ ከአባቶቹ አልተማረም።

ታዲያ የአባት ልብ በምን ይመለሳል? እዚሁ በክልላችን የተሠራ አንድ ሥራ እንንገራችሁ። በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በተባለ ገጠር እ.ኤ.አ. በ2004 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ መርሐ ግብር ተጀመረ። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከክልሉ መንግሥት ጋር ያካሄደው ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ሆነው ይሰበሰባሉ፤ ለሚማሩት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፤ የመንደሩ ሰዎችም ተሰብስበው ስለ ልጆቻቸው ጋብቻ ይወያያሉ። ሁለት ዓመት ሳያገቡ ቆይተው ስብሰባውን ለተከታተሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው በመጨረሻ አንድ ፍየል በሰው ፊት ይሰጣቸዋል። በኋላ ውጤቱ ሲጠና፣ በዚያ ከነበሩት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ያገቡት ተመሳሳይ ከሆነው ከሌላው ቀበሌ ልጃገረዶች እጅግ ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ በትምህርት ገበታም የተገኙት በዝተው ነበር።

አስተውሉ፤ ማንም አልበረረም። አንድ ፍየል፣ ጥቂት ደብተሮች፣ ብዙ ንግግር ብቻ ነው። ፍየሏም ጉቦ አይደለችም፤ «ልጅህን በማቆየትህ አልተጎዳህም፤ መንደሩም ያከብርሃል» የምትል ምልክት ናት። አባት የፈራው ውርደትን ነበር፤ ክብር ሲያገኝ ፍርሃቱ ቀለለለት። ይህ ሸማኔው የሚሠራው ዓይነት ሥራ ነው፤ ክር በክር፣ ሳይጎትቱ፣ ሳይበጥሱ። የጥበብ ልጃገረዶች ከስማቸው ሁለት ትርጉም አንዱን፣ ይኸውም ማስተዋሉን በሚገባ አሳይተውናል፤ ሁለተኛው የሸማኔው ትዕግሥት ግን በአጭር ክፍል ውስጥ የሚታይ አይደለምና ለእኛ ቀርቶልናል።

ለእኛ የቀረልን ሥራ ደግሞ ከገዛ ቤታችን መጀመር አለበት። ለቅስና የሚዘጋጅ ዲያቆን ድንግል እንዲያገባ ሥርዓት ያዝዘዋል። ይህን ምክንያት በማድረግ በአንዳንድ ቦታ ገና ሕፃን የሆነች ልጅ ለዲያቆን ማጨት እንደ ጥንቃቄ ሲቆጠር ኖሯል። ሥርዓቱ የጠየቀው ግን ድንግልን እንጂ ሕፃንን አይደለም። የ20 ዓመት ልጃገረድም ድንግል ልትሆን ትችላለች። ዲያቆናት ወንድሞቻችን ሆይ፤ ይህን ቃል ከእኛ ከእኅት ወንድሞቻችሁ ብትሰሙት ይሻላልና አንቆጡን። እናንተ «የምታገባኝ ትማር፤ እኔም እቆያለሁ» ብትሉ፣ ከአንድ ሺህ የካርቱን ክፍል የበለጠ ይሰማል፤ ምክንያቱም በገጠር አባት ዓይን ከዲያቆን የበለጠ የተከበረ አማች የለም።

ሁለተኛው ሥራ የሚዜነት ነገር ነው። ጥር ሲገባ ተማሪ ሁሉ ከዘመድ ቤት ይጠራል፤ ፎቶግራፍ ላይ ሱፍ ለብሶ እንዲቆምም ይፈለጋል። የተማረ ሚዜ ለሠርጉ ማዕረግ ነው። እንግዲህ ሙሽራዋ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ያ ማዕረግ ከእኛ ላይ የሚወሰድ ነው። እኛ ቆመን ስንስቅ የተነሣው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ «የተማሩትም ደግፈውታል» እያለ ይመሰክራል። ለዚህ ጥሪ «አይሆንም» ማለት ክንፍ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። አጎት ይቆጣል፤ እናት ትጨነቃለች፤ «ከተማ ገብቶ ኮራ» ይባላል። በፊልም ጀግናው የሚከፍለው ዋጋ ከጠላት የሚቀበለው ቁስል ነው፤ የእኛ ጀግንነት ዋጋ ግን የሚከፈለው ከምንወዳቸው ሰዎች ኩርፊያ ነው። ስለዚህም የእኛው ይከብዳል።

«አይሆንም» ብለን ብንቀር ግን እርሱም ጉልበት ብቻ ይሆናል። ሠርግ ከመቅረት በፊት፣ ገና የእጮኛ ነገር ሲወራ፣ ሄደን ከአባት አጠገብ መቀመጥ ይገባናል። በትልቅ ሰው ፊት እንደሚገባ ሆነን፣ ቡናውን ጠጥተን፣ «ጋሼ፣ ልጅቷ ሁለት ዓመት ትቆይልን» ማለት። እርሱም «ተምራ ምን ታመጣለች?» ሲለን የማናውቀውን ተስፋ አንሸጥለት። ሥራ በእርግጥ ታገኛለች ብለን ብንምል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን እውነተኛ የሆነውን እንንገረው፤ በ14 ዓመቷ የምትወልድ ልጅ አካሏ ለምጥ ገና እንዳልደረሰ፣ በምጥ ብዛት ፊስቱላ ይዟቸው ከሰው የተለዩ እኅቶች እንዳሉ፣ የተማረች እናት ልጆቿን እንደምታስተምር። በሳምንቱም ተመልሰን እንሂድ። በክረምቱም እንሂድ። ልጅቷን በሒሳብ እናግዛት፤ ደብተር ሲያልቅባት እንግዛላት፤ ከሩቁ ትምህርት ቤት ስትመለስ አብረዋት የሚሄዱ ጓደኞች እንፈልግላት። ከአባት ፍርሃቶች አንዱን ብናነሣለት፣ ልቡ በዚያች ልክ ይመለሳል።

ይህን ስንል ድራማውን እያቃለልን አይደለም። ያለ ድራማው ብዙ ልጃገረዶች «አይሆንም» የሚለው ቃል መኖሩን ባላወቁ ነበር። አንዲት ሕፃን በስልክ መስኮት ውስጥ እርሷን የምትመስል ጀግና ስታይ፣ የራሷ ድምፅ ከአፏ ለመውጣት ይደፍራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛም ስለዚህ ድራማውን እንወዳለን፤ ለታናናሽ እኅቶቻችንም ለታናናሽ ወንድሞቻችንም እናሳያለን፤ ይልቁንም ለወንዶቹ። ነገር ግን ልጅቷ ድምፅዋን ካወጣች በኋላ የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል። ድምፅ አውጥታ የሚሰማት ብታጣ፣ ዝም ካለችበት ቀን ይልቅ ብቸኛ ትሆናለች። የሚሰማውን ሰው ደግሞ ካርቱን ሊሥለው አይችልም፤ በሥጋና በደም መገኘት አለበት።

እንግዲህ እኅቶችና ወንድሞች፤ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጉልበት ልብን አይመልስም። ጉልበት በአስፈላጊው ሰዓት ክፉ ሥራን ያስቆማል፤ ለዚህም ይመሰገናል። ልብን የሚመልሰው ግን ደጋግሞ የሚመጣ፣ የሚያዳምጥ፣ ሳይዋሽ የሚናገርና የሚወዱት ሰዎች ቢያኮርፉትም የማይቀር ሰው ነው። ጀግና ደርሶ፣ አድኖ፣ በርሮ ይሄዳል፤ እኛ ግን በርረን የምንሄድበት የለንም፤ የምንኖረው እዚሁ ከአባትየውም ከልጅቷም ጋር ነው። ድካማችን የመሰለን ይህ ነገር ምናልባት ብቸኛው ኃይላችን ሳይሆን አይቀርም። በመጪው ጥር የሚዜነት ጥሪ የሚደርሳችሁ ሁሉ፣ ሱፉን ከመተኮሳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ሙሽራዋ ስንተኛ ክፍል ናት?